ማርና ጉበት፦ አባቴ በየጠዋቱ በባዶ ሆድ የሚጠጡትን ማር ይቀጥሉ ወይስ ይተዉ?

ጸደይ ከማራኪ

እንደምን ሰነበታችሁ። የጠራ መልስ ስለፈለግሁ ያለውን ቁጥር ሁሉ አስቀምጣለሁ።

አባቴ 54 ዓመታቸው ነው። ቁመታቸው 1.70 ሜትር፣ ክብደታቸው 84 ኪሎ፣ ወገባቸው 103 ሳንቲ ሜትር። ሰሞኑን አልትራሳውንድ ሲነሡ ጉበታቸው ላይ ስብ ታይቷል። የደም ውጤታቸው የጉበት ኢንዛይሞቹ ኤኤልቲ 71፣ ኤኤስቲ 48፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት 260 ሺህ፣ በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር 114፣ ትራይግላይሰራይድ የሚባለው የደም ስብ 230 ይላል። አረቄም ቢራም አይቀምሱም፤ ለበዓል ግን አንድ ሁለት ብርሌ ጠጅ ይጠጣሉ። የሚወስዱት መድኃኒት የለም።

"ማር ጉበት ያጥባል፣ ስብ ያቀልጣል" ስለተባሉ ከእንቅልፋቸው እንደተነሡ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ሞላ ሞላ ተደርጎ፣ በፈላ ውሃና በሎሚ በጥብጠው ይጠጣሉ። ከዚህ ሌላ በቀን ሦስት ብርጭቆ ሻይ አለ፤ በእያንዳንዱ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር። ማሩን የምንገዛው እዚሁ ጎንደር ከቅዳሜ ገበያ ነው፤ ቢጫ ነው፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይረጋል።

ማር በእርግጥ ለጉበትና ለሜታቦሊዝም ይጠቅማል? ከጠቀመስ ስንት ግራም? የፈላ ውሃ ያበላሸዋል የሚባለው እውነት ነው? ቶሎ የሚረጋው ስኳር ተቀላቅሎበት ይሆን? ጥቁር አዝሙድ ቢጨመርበትስ?


ሚዛን

ሰላም እህቴ። ቁጥሩን አሟልተሽ ስላመጣሽ መልሱም በቁጥር ይሁን።

መጀመሪያ ብርጭቋቸው ውስጥ ያለውን እንመዝነው። ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ማር 21 ግራም ገደማ ይመዝናል። የረጋ ማር ሞላ ተደርጎ ሲወጣ ግን በቀላሉ 30 ግራም ይደርሳል፤ ማር ከውሃ ስለሚከብድ ዓይን ይሳሳታል። ሁለቱን 60 ግራም እንበል። ከ100 ግራም ማር ውስጥ 82 ግራሙ ስኳር ነው፣ 17 ግራም ያህሉ ውሃ። ኢንዛይሙም፣ አሲዱም፣ ማዕድኑም፣ ከአበባው የመጣው ውህድም ያለው አንድ ግራም በማትሞላው ትርፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ አባትሽ ቁርስ ሳይቀምሱ 49 ግራም ስኳርና 180 ካሎሪ ገደማ ወስደዋል። የሻዩ ስድስት ማንኪያ ስኳር፣ ልሙጥ ከሆነ፣ 24 ግራም ነው። ድምሩ 73።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ላይ ማርም ከተጨማሪ ስኳር ጋር አብሮ ይቆጠራል። ጣሪያው በቀን ከሚገባው ካሎሪ ከመቶ 10 እጅ በታች ነው፤ 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 50 ግራም ማለት ነው። ወደ 5 እጅ፣ ማለትም ወደ 25 ግራም ቢወርድ የበለጠ ይጠቅማል ይላል። የጠዋቱ ብርጭቆ ብቻውን ጣሪያውን ሊነካ አንድ ግራም ነው የቀረው።

አሁን ወደ ጉበቱ እንግባ። የማር ስኳር በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፦ ፍሩክቶስ ከ100 ግራም 38 ያህል፣ ግሉኮስ 31 ያህል። ግሉኮስን ጡንቻውም አንጎሉም ይካፈለዋል። ፍሩክቶስን ግን በብዛት የሚቀበለው ጉበት ነው። ግሉኮስ ጉበት ውስጥ ሲሰባበር የሚቆምበት ኬላ አለ፤ ኃይል ከበቃ ኬላው ይዘጋል። ፍሩክቶስ ያን ኬላ በጎን አልፎ ይገባል፤ በብዛትና በፍጥነት ሲመጣ ጉበት ወደ ስብ ይለውጠዋል። ከፊሉ ስብ እዚያው ይቀራል፣ ከፊሉ ትራይግላይሰራይድ ሆኖ ወደ ደም ይወጣል። በዚያው መንገድ ዩሪክ አሲድም ከፍ ይላል። 60 ግራም ማር ውስጥ 23 ግራም ገደማ ፍሩክቶስ አለ፤ በፈሳሽ መልክ፣ በባዶ ሆድ፣ ባንድ ትንፋሽ የሚገባ። ስብ ላዘለ ጉበት ይህ ማጠቢያ ሊሆን አይችልም። ጉበት ውስጥ የሚታጠብ እድፍ የለም፤ ስቡ ያለው በሴሎቹ ውስጥ ነው፣ የሚቀንሰውም ሰውነት ሲያቃጥለው ነው።

ይህ ማለት ግን ማር ከስኳር አይለይም ማለት አይደለም። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. 18 ሙከራዎችን፣ ከ1,100 በላይ ተሳታፊዎችን አጠቃለው መርምረዋል። ማር የወሰዱት ሰዎች በባዶ ሆድ የሚለካው የደም ስኳራቸው፣ ጠቅላላና መጥፎው ኮሌስትሮላቸው፣ ትራይግላይሰራይዳቸውና ያ ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም በመጠኑ ቀንሷል፤ ጥሩው ኮሌስትሮል ከፍ ብሏል። መካከለኛው መጠን በቀን 40 ግራም፣ ቆይታው 8 ሳምንት ነበር። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ወደ ማንኪያው ይሮጣሉ፤ እባክሽ አባትሽ እንዳይሮጡ። ተሳታፊዎቹ ባጠቃላይ ጤናማ አመጋገብ ያላቸው፣ ከስኳር የሚያገኙት ካሎሪ ከመቶ 10 የማይበልጥ ሰዎች ናቸው። የማስረጃውን ጥንካሬ ራሳቸው ተመራማሪዎቹ በአብዛኛው ዝቅተኛ ብለውታል። የተሻለ ውጤት የታየውም ባልተሞቀ ማርና ከአንድ ዓይነት አበባ በመጣ ማር ነው። ከእነዚያ አንዱ "የአካሺያ ማር" ሲባል የእኛ ግራር እንዳይመስልሽ፤ በአውሮፓ በብዛት የሚገኝ ሮቢኒያ የሚባል ሌላ ዛፍ ነው። ሌላም አለ፦ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ የኢራን ሙከራ ለስኳር ሕሙማን 8 ሳምንት ማር ሰጥቶ ክብደታቸውና የደም ስባቸው ሲሻሻል፣ የሦስት ወሩን ስኳር የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ ግን ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ማር የሚጠቅም ከሆነ የሚጠቅመው በስኳር ቦታ ሲገባ ነው። በስኳሩ ላይ ሲደረብ ስኳር ጨመርን ማለት ነው። አባትሽ ያደረጉት ሁለተኛውን ነው።

ስለዚህ እንዲህ ይሁን። የጠዋቱ ብርጭቆ ይቁም፤ ሎሚውን በውሃ ብቻ መጠጣት ይችላሉ። ሻዩ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ አንድ ማንኪያ፣ በሁለተኛው ወደ ግማሽ፣ በሦስተኛው ያለ ስኳር። ምላስ ይለምዳል፤ ባንድ ቀን ሲቆረጥ ነው ሰው የሚመለስበት። ማር በቀን ሁለት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ፣ 14 ግራም፣ ከምግብ ጋር፦ ቂጣ ላይ ተቀብቶ ወይም የአጃ ገንፎ ላይ። 11.5 ግራም ስኳር ነው፣ ከ25ቱ በታች። የኩሽና ሚዛን ካላችሁ ብርጭቆውን አስቀምጠሽ ዜሮ አድርጊና ማሩን ጨምሪ። ከሌለ ማንኪያውን በቢላዋ ጀርባ ልሙጥ አድርጊው፤ ከታች የተንጠለጠለውንም ጥረጊ፣ እሱ ብቻውን ሦስት አራት ግራም ይሆናል።


ንብ አርቢ፣ ጭልጋ

የማሩን ነገር ለእኔ ተዉልኝ።

የረጋ ማር የተቀላቀለ ማር ነው የሚለውን ከአእምሮሽ አውጪው እህቴ። የኑግና የመጭ አበባ ማር ቢጫ ነው፣ ግሉኮሱ ከፍ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይረጋል። ጥቅምትና ኅዳር የሚቆረጠው የእኛ አካባቢ ማር ብዙው እንዲህ ነው። ማር ከሁሉ በላይ የሚረጋው 14 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስላለች የሌሊቱ ብርድ ያግዘዋል። ሁለት ሳምንት ለኑግ ማር ምንም አያስገርምም። እንዲያውም ዓመት ሙሉ ውሃ መስሎ የሚቀመጥ "የኑግ ማር" ቢሸጥልሽ ነው መጠየቅ ያለብሽ፤ ወይ በኃይል ሞቋል፣ ወይ የኑግ አይደለም።

የክብሪት፣ የውሃ ጠብታ፣ የአውራ ጣት ፈተና የሚባሉት አያስተማምኑም። ክብሪቱ የሚነግርሽ ማሩ ውስጥ ስላለው ውሃ ነው፤ ወፍራም የስኳር ሽሮፕም ያልፈዋል። ውሃ ውስጥ ሳይሟሟ ወደ ታች መውረዱም ስለ ውፍረቱ እንጂ ስለ ንጽሕናው አይናገርም። ከገበያ ማር ላይ በእጅ ማወቅ የሚቻለው ትንሽ ነው። ምላስ ላይ አድርጊው፦ የማር ርጋታ ደቃቅ ነው፣ እንደ ቅቤ ይሟሟል፤ ጥርስ ላይ ቅጭ ቅጭ የሚል ትልቅ ፍሬ ከጣሳው ሥር ተቀምጦ ካገኘሽ ተጠራጠሪ፣ ግን ፍርድ አትስጪ። እርግጡን የሚነግርሽ ላብራቶሪ ብቻ ነው። ከነእንጀራው፣ ከነሰሙ መግዛት ይሻላል፤ ንቡ ስኳር ተቀልቦ ከሆነ ግን እሱም አያድንም። ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቂው፦ መቼ ተቆረጠ፣ ከየት ወረዳ መጣ፣ ምን አበባ ነው። ሦስቱን ሳያመነታ የሚመልስ ሰው ብዙውን ጊዜ ማሩን ያውቀዋል። ደግሞ በቆረጣ ወቅት የዓመቱን ባንዴ መግዛት በክረምት ከመፈለግ ይሻላል።

ከመቀላቀል ይልቅ እኔ የማየው ችግር ጥድፊያ ነው። ንቡ እንጀራውን በሰም ሳይደፍነው ማሩ ሲቆረጥ ውሃው ይበዛል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ከ100 ግራም 20 ግራም ውሃ ነው ጣሪያው፤ ከዚያ ካለፈ እርሾ ይነሣበታል። ምልክቱ ላዩ ላይ አረፋ መያዝ፣ ክዳኑ ሲከፈት እስስ ማለት፣ ጠጅ ጠጅ መሽተት ነው። ከባህላዊ ቀፎ በእጅ የተጨመቀ ማር እጭና የአበባ ዱቄት አብሮት ከገባም ቶሎ ይቦካል። እንዲህ ያለውን ለጠጅ እንጂ ለሕመምተኛ አትግዢ።

ስለ ፈላ ውሃው። የፈላ ውሃ ስኳሩን አይነካውም፤ የሚገድለው ኢንዛይሙን ነው፣ የሚያበንነው ሽታውን ነው። ማለትም ከማር ውስጥ ማር የሚያሰኘውን ትቀንሺና ስኳሩን እንዳለ ታስቀሪያለሽ። መርዝ ይሆናል የሚባለው ግን ትክክል አይደለም፤ ብርጭቆ ውስጥ ለአንድ አፍታ የሚሞቅ ማር አይመርዝም። ብርጭቆውን በእጅሽ ያለ ጭንቀት መያዝ እስክትችይ ጠብቂና ከዚያ ጨምሪው።

የረጋውን ማቅለጥ ከፈለግሽ ድስት ውስጥ ጨርቅ አጥፈሽ አንጥፊ፣ ማሩን ከነጠርሙሱ ክዳኑን አላልተሽ በላዩ አስቀምጪ፣ ለብ ያለ ውሃ እስከ ማሩ ልክ ሙዪ። ውሃው ከ40 እስከ 45 ዲግሪ፤ እጅሽን ከተሽ ብታቆይው የማይለበልብ። ሲቀዘቅዝ ለውጪው። ለአንድ ኪሎ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጣሳውን እሳት ላይ መጣድ ከሥሩ ያሳርረዋል፣ ከላይ ደግሞ እንደረጋ ይቀራል። ደግሞስ ለቂጣ የረጋው ነው የሚመቸው፤ ማንኪያ ላይ ለመለካትም ይቀላል።

ዕቃው ደረቅ ጠርሙስ ይሁን፣ ክዳኑ የሚገጥም። ማር አሲድ ስላለው በዛገ ጣሳ አይቀመጥም። የጸረ ተባይ ወይም የዘይት ጀሪካን ታጥቦም ቢሆን ለማር አይሆንም፤ ማር እርጥበትም ሽታም ይስባል።

ነጭ ማር ለመድኃኒት ይሻላል የሚባለውን ደግሞ ላንሣው። የላሊበላና የትግራይ ነጭ ማር ጣዕሙ ድንቅ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። ስኳሩ ግን ያው ነው። ባጠቃላይ ጠቆር ያለ ማር ከነጩ ይልቅ ፖሊፊኖል የሚባሉትን ውህዶች በብዛት ይይዛል፤ ለጉበት ተብሎ ለነጩ እጥፍ ዋጋ መክፈል ምክንያት የለውም። ጉሮሮ የሚለበልብ ማርም "ብርቱ መድኃኒት" አይደለም፤ ንቡ ቁልቋል ቀስሞ ሊሆን ይችላል። ከለበለበ አትስጪያቸው።


የላብ ሰው

ማሩ ተነግሯል፣ እኔ ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ከውጤቱ ላይ የጎደለ ነገር አለ።

ኤኤልቲ 71 ስቡ ብቻ ነው ከማለት በፊት የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ያስፈልጋል። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚኖርበት ነው፤ ስብና ቫይረስ ባንድ ጉበት ላይ ሊገናኙም ይችላሉ። አልትራሳውንድ ላይ ስብ ስለታየ ብቻ ቫይረሱን ሳይመረምሩ ማለፍ ደጋግሞ የሚሠራ ስሕተት ነው። ኤችቢኤዋንሲም አልተሠራም፤ ከ5.7 እስከ 6.4 ከሆነ ቅድመ ስኳር፣ 6.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ሕመም ይባላል።

ጉበቱ ላይ ጠባሳ መኖር አለመኖሩን በግምት ለማየት ፊብ-4 የሚባል ስሌት አለ፣ ያለሽ ቁጥር ይበቃል። ዕድሜን በኤኤስቲ አባዢ፦ 54 ሲባዛ በ48፣ 2,592። የኤኤልቲን ስኩዌር ሩት በፕላትሌት አባዢ፦ 8.43 ሲባዛ በ260፣ 2,192 ገደማ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍይ 1.18 ይመጣል። ከ1.3 በታች ስለሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው። ይህ ደስ የሚል ዜና ነው፤ በዚህ ደረጃ ያለ ስብ ሊመለስ ይችላል።

የሚመልሰው ክብደት መቀነስ ነው። ከክብደት ከመቶ 5 መቀነስ የጉበትን ስብ ይቀንሳል፤ ከ7 እስከ 10 ሲደርስ ብግነቱና ጠባሳውም መሻሻል ይጀምራል። ለአባትሽ 4.2 ኪሎ የመጀመሪያው፣ ከ6 እስከ 8.4 ኪሎ ሁለተኛው ግብ ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይበቃል፤ በረሃብ ባንዴ መክሳት ጉበቱን ራሱን ያውካል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ የጎንደር ዳገት ደግሞ ከሜዳ ይልቅ ያሠራል።

ስኳር ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ቡናውስ? የሻዩን ቆጥረሻል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካውን አላየሁም። ያለ ስኳር የሚጠጣ ቡና የጉበት ጠባሳን ከመቀነስ ጋር ተያይዞ በብዙ ጥናት ታይቷል፤ ለጉበት ሲባል አንድ ትኩስ ነገር ምረጡ ብባል ከማር ውሃ ይልቅ መራራ ቡናን እመርጣለሁ። ስኳር ሲሞላበት ግን ያው ወደ 73ቱ ላይ ይደመራል።

ጥቁር አዝሙድ በቅመምነት፣ ቁንጥር ቁንጥር፣ አያስፈራም። ችግሩ አወሳሰዱ ነው፦ አንድ ማንኪያ አዝሙድ ለማውረድ ሦስት ማንኪያ ማር ይበላል። በተጨማሪ የደም ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር አይጀምረው። የተጨመቀ ዘይቱንና ስሙ ያልታወቀ ሥራ ሥር የተቀላቀለበትን ማር ጉበቱ ላነከሰ ሰው አልመክርም።

ማር የአባትሽን ደም ስኳር ምን ያህል እንደሚያነሣ ማየት ከፈለጋችሁ በጣት ደም ስኳር የሚለካው ግሉኮሜትር በቂ ነው። በሁለት የተለያዩ ቀናት ጠዋት፣ ቁርሱ አንድ ዓይነት ይሁን፦ ባንዱ ቀን ከ14 ግራም ማር ጋር፣ በሌላው ያለ ማር። ከምግብ በፊት፣ ከጀመሩ ከ1 ሰዓት በኋላ፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ለኩና ጻፉት። ጣት በውሃና በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ማር የነካ ጣት፣ ዓይን የማያየው ቅሪት እንኳ ቢኖርበት፣ ደሙ ላይ የሌለ ስኳር ያሳያል። አልኮል መቀባት ብቻውን አያጠራውም።

ለሌሎች አንባቢዎችም ሁለት ነገር ልጨምር። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው "ማር ጉበቴን ይጠብቅልኛል" ብሎ ምልክት ችላ አይበል፤ ማር ከመድኃኒቱ የጉበት ጉዳት አያድንም። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ፣ ሆድ ከተነፋ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት። ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በጣት ጫፍም አይቀመስ፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ሽባ የሚያደርግ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር ማር ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ የሕፃን አንጀት አይቋቋመውም።


ጸደይ ከማራኪ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቡናውን ረስቼው ነው፦ በቀን ሦስት ስኒ፣ በየስኒው አንድ ማንኪያ ስኳር። እንግዲህ 85 ግራም ሆነ ማለት ነው።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። ማሩን በብርዝ መልክ ቢጠጡትስ፣ ስለሚቀጥን ይሻል ይሆን? በጾም ወቅትስ እስከ 9 ሰዓት ከቆዩ በኋላ በማር ቢፈቱት ጉዳት አለው?

ደግሞ የላብ ሰው፣ "በባዶ ሆድ" የተባለው ምርመራ ቀን ጠዋት ማሩን ጠጥተው ነበር የሄዱት። "ማር ምግብ አይደለም፣ መድኃኒት ነው" ብለው ነው። ይህ ለውጥ ያመጣል?


ሚዛን

ብርዝ መቅጠኑ አያታልልሽ፤ የሚቀጥነው ጣዕሙ ነው፣ በብርጭቆ የሚገባው ይበዛል። አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውሃ ከተበረዘ 250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ውስጥ 50 ሚሊ ሊትር ማር አለ። ይህ በሚዛን 71 ግራም ነው፤ 58 ግራም ስኳር። አንድ ለስምንት ቢቀጥን እንኳ ወደ 39 ግራም ማር ይሆናል። ለአባትሽ አይሆንም። አንድ ሁለት ቀን ከቆየ ደግሞ መፍላት ይጀምራል። ጠጁም ያው ነው፦ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ለውጦታል፤ ጣፋጭ ከሆነ ሁለቱም አለበት። ኤኤልቲው ተመርምሮ እስኪወርድ ድረስ የበዓሉንም ብርሌ ቢያልፉት ይሻላል።

ጾሙን በተመለከተ መድኃኒት ስለማይወስዱ መቆየቱ በራሱ አያሰጋቸውም። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። ሲፈቱ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ሽሮው ወይም ምስሩ ከጎመን ጋር፣ እንጀራውን ከሚለመደው ቀነስ አድርገው። ያቺ ሁለት ማንኪያ ማር መጨረሻ ላይ ትምጣ። ረሃብ ላይ በማር የተጀመረ ማዕድ ቶሎ ይበላል፣ ብዙ ይበላል።


የላብ ሰው

ጸደይ፣ በጣም ለውጥ ያመጣል። 49 ግራም ስኳር ጠጥቶ የተቀዳ ደም የባዶ ሆድ ደም አይደለም። 114 ቅድመ ስኳር ነው ማለትም አይቻልም፣ ደኅና ነው ማለትም አይቻልም። 230ውም ትራይግላይሰራይድ ከዚያው ጋር ይጣል። ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲና ፕላትሌት ግን በጠዋቱ ማር ስለማይለወጡ የፊብ-4 ስሌታችን እንደቆመ ነው።

ድጋሚ ሲሠራ እራት ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ይለቅ። ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ፤ ሻይም፣ ቡናም፣ ሎሚም፣ ማርም የለም። ደሙ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይቀዳ፣ 12 ሰዓት ይሞላዋል። ኤችቢኤዋንሲ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ በዚያው ደም አብረው ይታዘዙ። ያን አሁኑኑ አሠሩ፤ ኤኤልቲና ክብደቱን ግን ማሩና ስኳሩ ከወረደ ከሦስት ወር በኋላ አነጻጽሩ፣ በዚሁ ላብራቶሪ፣ በዚሁ ሚዛን። ደም የሚቀዳው ባለሙያ "ቁርስ በልተዋል?" ብሎ ሲጠይቅ አባትሽ አልበላሁም ይላሉ፤ አንቺ ከጎናቸው ሆነሽ "ማርስ?" በያቸው።